ከጽሕፈት መኪና ወደ በረት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መቱ ገበያ ስወጣ ሁለት ዓይነት ሰው ያስቆመኛል። በዕድሜ ጠና ያለው የከተማ ሰው «አስናቀች ታይፒስቷ» ይለኛል። ከገጠር የመጣው ደግሞ «ዶክተር» ይለኛል። ሁለቱም አላገኙትም። ታይፒስትነቱን ከተውኩ ዘመን ሆኖኛል፤ ዶክተር ደግሞ ሆኜ አላውቅም፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ቢሆንም ለሁለቱም አቤት እላለሁ፤ ከሰላምታው ቀጥሎም ስለ ላማቸው እጠይቃለሁ። ባለቤቴ ገመቹ «የሰውየውን ሚስት ደኅንነት ሳትጠይቂ ላሚቱ ላይ ትደርሻለሽ» እያለ ይስቅብኛል። እውነቱን ነው፤ አመል ሆኖብኝ ቀርቷል።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት ልጆቼ «አርባ ዓመት ሊሞላሽ ሲል ምን ብለሽ በረት ገባሽ?» እያሉ ስላስቸገሩኝ ነው። ማመስገን ያለብኝ ሰውም ብዙ ነው፤ ከፊሉ አልፏል፤ የቀረነውም እያረጀን ነው።

የተወለድኩት ጎሬ፣ ከተማው መሀል ነው። አባቴ የመንግሥት መጋዘን ጠባቂ ነበር። ቤታችን ውስጥ በአማርኛ የተጀመረ ወሬ በኦሮምኛ ያልቃል፤ በኦሮምኛ የተጀመረ ቁጣ በአማርኛ ይበርዳል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ጽሕፈት መኪና ተማርኩና መቱ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። መኩራራት ካልሆነብኝ በሥራዬ የታወቅሁ ነበርኩ። የአማርኛ ጽሕፈት መኪና አንዱን ፊደል በአንድ ምት አያወጣውም፤ አካሉን መትተህ ምልክቱን ትደርብበታለህ። እኔ ካርቦን ደራርቤ፣ ዓይኔን ከረቂቁ ላይ ሳላነሳ፣ ከአለቃዬ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ገጹን እጨርስ ነበር። አለቆቼ ብዙዎች ናቸው፤ አንዱ ፊርማውን ከደብዳቤው የሚያስረዝም፣ አንዱ ረቂቁን አሥር ጊዜ የሚሰርዝ። ክፉ ግን አልገጠመኝም።

መንግሥት ተለውጦ ክልሎች ሲቋቋሙ የሥራው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሆነ፤ ጽሕፈቱም በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል። በዚህ አልተከፋሁም። አቤቱታውን በራሱ አፍ ማቅረብ አቅቶት ቢሮ በር ላይ አስተርጓሚ ሲለምን የኖረ ገበሬ በየቀኑ አይ ነበርና ነገሩ ተገቢ እንደነበር አውቃለሁ። አንድ ችግር ብቻ ነበር። ኦሮምኛውን አፌ ያውቀዋል፤ ጣቶቼ አያውቁትም። ወጣቶቹ ጸሐፊዎች ቁቤውን ተምረው መጡ፤ ጥቂት ቆይቶ ኮምፒውተሩ መጣ፤ እኔም ቀስ በቀስ ወደ መዝገብ ቤት ተገፋሁ። ማንም አላባረረኝም፤ ደመወዜም አልተነካም። ነገር ግን ጠዋት ገብቼ አቧራ ጠርጌ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ማንም ስሜን ሳይጠራው ወደ ቤቴ እመለስ ጀመር። ሥራ ለለመደ ሰው ይህ ከመባረር የሚያንስ አይደለም።

በዚያ ሰሞን ነው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያየሁት። የእንስሳት ጤና ረዳት ለመሆን መሠልጠን የሚፈልጉ ሠራተኞች ይመዝገቡ ይላል። ማንም አልተመዘገበም። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ዋልኩና ማታ ለገመቹ ነገርኩት። ገመቹ አስተማሪ ነው፤ ነገር በቀላሉ አያስቀውም። ያን ቀን ግን እስኪያስለው ሳቀ።

«ላም ስታይ መንገድ የምትቀይሪ ሴት!»

አልዋሸም። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ከሶር ወንዝ ከብቶች ጠጥተው ሲመለሱ አጥር ተጠግቼ ነበር የማሳልፋቸው። አለመሳቄን ሲያይ ግን እሱም ተወው። «እና ልብሽ ፈቅዷል?» አለኝ።

«እዚያ አቧራ ስጠርግ ከምሞት በላም ብወጋ ይሻለኛል።»

«እንግዲያ የልጆቹን ነገር ለእኔ ተይው» አለ። ተውኩለት፤ እሱም ቃሉን ጠበቀ። ልጆቼ የዚያን ዘመን ሽሮ እስከ ዛሬ ያነሱበታል እንጂ ሌላ ጉድለት የለበትም።

ማሠልጠኛው ሩቅ፣ ወደ ሸዋ በኩል ነበር። አብረውኝ የገቡት ከልጆቼ ብዙ የማይበልጡ ወጣቶች ስለነበሩ «እማማ» አሉኝ፤ ስሙ እስከ ምርቃት አልለቀቀኝም። በትምህርቱ እንግዳ ቃል ሁሉ ሲያስጨንቀኝ፣ እነሱ ያነቡልኛል፤ እኔ ደግሞ የልብሳቸውን ቁልፍ እሰፋለሁ። ቁርጡ የታወቀው ምጥ የያዛት ላም ማኅፀን በእጃችን እንድንመረምር የታዘዝን ዕለት ነው። አስተማሪው ረጅሙን ጓንት አስጠልቆኝ «የጥጃውን ሰኮና ፈልጊ» አለኝ። እጄን እስከ ትከሻዬ ላሚቱ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ። ወጣቶቹ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያያሉ፤ ግን ምን ይታያል? እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳያዩ በጣት መለየት የኖርኩበት ሥራ ነው። ሰኮናውን አገኘሁት፤ ቀጥሎ ጉልበቱን፤ ቀጥሎ አንድ ትንሽ ነገር ጣቴን ጠባ። አፉ ነበር። እንባዬ መጣ፤ አስተማሪው ያመመኝ መስሎት ውኃ አስመጣልኝ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት ለካ እንዲህ ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ ሁሩሙ ሆነ። ጋሼ ዋቅጅራን ያገኘሁት እዚያ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቦት ጫማና ጥቁር ዣንጥላ የማይለያቸው አንጋፋ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበሩ። የሥራ ዘመኔን ከሁለት ብከፍለው ግማሹ የእሳቸው ነው።

ጋሼ ዋቅጅራ በረት ደርሰው ወዲያው አይገቡም። አጥሩ ላይ ክንዳቸውን ደግፈው ይቆማሉ። እኔ መጀመሪያ ደክሟቸው መስሎኝ ነበር። «ከብቱ እስኪረሳሽ ቁሚ» ይሉኛል። «ሲያይሽ ሕመሙን ይደብቃል፤ ሲረሳሽ ነው እግሩን የሚያነክሰው።» ከዚያ ከባለቤቱ ጋር ወግ ይይዛሉ። የበሬው ስም ማን ነው? ከማን በሬ ጋር ነው የሚጠመደው? የት ወንዝ ነው የሚጠጣው? እኔ የመድኃኒቱን ሳጥን ተሸክሜ ክብደቴን ከአንዱ እግሬ ወደ ሌላው አዛውራለሁ። የሽማግሌ ጨዋታ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚህ በኋላ ነው እጃቸው የሚሠራው። ቴርሞሜትሩ ጫፉ ላይ ክር አለው፤ ክሩን ከጭራው ጸጉር ጋር ያስሩታል፤ አለዚያ ከብቱ ወይ ይጥለዋል ወይ ወደ ውስጥ ይስበዋል። የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣታቸው ገልበጥ አድርገው ውስጡን ያያሉ፤ ቀይ ከሆነ ደም አለው፤ ወደ ነጭነት ከሄደ ደሙ አልቋል። መርፌ ሲወጉ መርፌውን ከሲሪንጁ ነቅለው በጣቶቻቸው መካከል ይይዙና አንገቱን በእጃቸው ጀርባ ቸብ ቸብ ያደርጉታል። ከብቱ ቸብታውን ሲለምደው በዚያው ምት መርፌውን ይሰዱታል። አይሰማውም። ሲሪንጁን የሚገጥሙት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን እስክችል ድረስ ብዙ ትራስ ወግቻለሁ፤ ገመቹ ምስክሬ ነው።

አንድ ልማድ ደግሞ ነበራቸው፤ በሌላ ባልደረባ አይቼው አላውቅም። እኛ አገር በሬ ወይም ላም የሞተበት ሰው ቤት ጎረቤት ይሄዳል፤ ተቀምጦ ያጽናናል፤ «ዋቅኒ በካ ሃ ቡሱ» ይላል፤ አማራውም «ምትኩን ይስጥህ» ይላል። ያከመው ሰው ግን አይሄድም። በምን ዓይኑ? ጋሼ ዋቅጅራ ይሄዱ ነበር። «ከብቱ የዳነለት ሁሉ ራሱ ይፈልግሻል፤ የሞተበትን አንቺ ነሽ የምትፈልጊው» ይላሉ። እኔ ከኋላ ከኋላቸው እየሄድኩ ከበሩ ደፍ አጠገብ እቀመጥና መቼ በወጣን እል ነበር።

ሴት መሆኔ አላስቸገረም ብል እዋሻለሁ። ገበሬው በእኔ በኩል አሻግሮ መንገዱን ያያል። «ሐኪምኒ ኤሳ?» ይላል፤ ሐኪሙ የት አለ ማለቱ ነው።

«ሐኪሟ እሷ ናት» ይላሉ ጋሼ ዋቅጅራ፤ «እኔ ሳጥን ተሸካሚ ነኝ።» ያኔ ሳጥኑን ከእጄ ቀምተው ይሸከሙታል።

ያስገቡኝ ሴቶቹ ናቸው። በሬው የወንዱ ነው፤ የምታልበው ግን እሷ ናት። የላም ጡት ሲያብጥ፣ ወተቱ ሲረጋ፣ ጥጃው እንቢ ሲል መጀመሪያ የምታውቀው እሷ ናት፤ ለወንድ ሐኪም ደግሞ ባሏ ነው የሚያወራው፤ ስለማያውቀው ነገር። ለእኔ ግን ራሷ ትነግረኛለች፤ ማጀት አስገብታ፣ ወተቱን በእጇ መዳፍ ላይ አልባ ታሳየኛለች። ቀስ በቀስ ሚስቶቹ «ያቺን ሴትዮ ጥራልን» ማለት ጀመሩ። ባሎቹም እያጉረመረሙ መጡ። አንድ ቀን እግሩ ወደ ኋላ የታጠፈበት ጥጃ አስተካክዬ አወጣሁ፤ ጊደር ነበረች። ባለቤቷ በደስታ ስሜን ሊያወጡላት ፈልገው አስናቀች ማለት ለላም የሚከብድ ሆነባቸውና «ታይፒስት» አሏት። ታይፒስት አድጋ ወለደች፤ የልጅ ልጆቿ ዛሬም ሁሩሙ አሉ ይባላል።

ከሁሩሙ ወደ ቡሬ፣ ከቡሬ ወደ ጎሬ፣ በመጨረሻም ወደ መቱ ተዛወርኩ። የጎሬውንና የመቱን ልዝለለው። አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ለሚባሉት ገዳይ የከብት በሽታዎች ስንከትብ በዝናብ ያደርንባቸውን መንደሮች፣ ክትባቱ ሞቆ እንዳይበላሽ ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፈን የተጓዝንባቸውን ሚኒባሶች ብዘረዝር ማለቂያ የለውም። ለመጨረሻ ያቆየሁት የቡሬውን ነው። ያ ነገር እንዲያ ባያልቅ ኖሮ የምጽፈው የሥራ ዘመን አይኖረኝም ነበር።

ቡሬ ስደርስ ጋሼ ዋቅጅራ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ብቻዬን ነኝ። ከከተማው ወደ ቆላው ሲወረድ ከወሎ የመጡ ሠፋሪዎች ከነባሩ ገበሬ ጋር ተጎራብተው የሚኖሩበት መንደር አለ። ወንዙ ዳር የቆላ ዝንብ ስላለ ገንዲ ከብቱን ይጨርሳል። ገንዲ ክፉ በሽታ ነው፤ ከብቱ እየበላ ይከሳል፤ ጸጉሩ ይቆማል፤ ደሙ ያልቃል። አንድ ቀን ይማም የሚባል ገበሬ በሬውን እንዳይለት ጠራኝ። ይማም በሕፃንነቱ ከወላጆቹ ጋር መጥቶ እዚያው ያደገ፣ ጭምትና ታታሪ ሰው ነው። ያለው አንድ በሬ ብቻ ነው፤ ወይኖ ይለዋል።

የዓይኑን ቆብ ገለበጥኩት፤ ነጥቷል። ትከሻው ፊት ያለው ዕጢ አብጧል። ገንዲ ነው። ደረቱን በሜትር ለክቼ ክብደቱን ገመትኩ፤ ቢጫውን መድኃኒት በጥብጬ በልኩ ወጋሁት። መጠኑ ትክክል ነበር፤ አወጋጉም ትክክል ነበር። «ደሙ እስኪመለስ በሬውን አሳርፈው፤ አይጠመድ» አልኩት። ይማም ጎንበስ ብሎ «እሺ እትዬ» አለ። ሌላ ቤት ሰው ይጠብቀኝ ነበርና ሳጥኔን ዘግቼ ሄድኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን የምለቅምበት ጊዜ እንኳ አላገኘሁም።

ወይኖ ሁለት ቀን አልሞላውም። ተጠምዶ ሲያርስ እርሻው መሀል ወደቀና ሞተ። የወደቀው ደግሞ፣ ኋላ እንዳወቅሁት፣ በይማም እርሻ አልነበረም፤ በኦቦ ጉተማ እርሻ ነው። ኦቦ ጉተማ የአካባቢው ተወላጅ፣ በዕድሜ የገፉና የተከበሩ ገበሬ ናቸው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቡሬ ገባ። ሴትዮዋ የወጋችው በሬ ሞተ ተባለ። ኦቦ ጉተማና ይማምም ተኳረፉ መባሉን ሰማሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ከዚያ መንደር የሚጠራኝ ሰው ጠፋ። ስሄድ ከብቱን ወደ ጫካ ይነዱብኛል። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ደግ ሰው ነበር፤ አስጠራኝና «እትዬ አስናቀች፣ ቢሮ ውስጥ ሪፖርት የሚያጠናቅር ሰው እንፈልጋለን፤ እርስዎ ደግሞ የወረቀት ሥራ ያውቃሉ» አለኝ። ለእኔ አዝኖ ነው። እኔ የሰማሁት ግን የመዝገብ ቤቱ በር ሲከፈት ነው። እምቢ አላልኩም። «ላስብበት» አልኩ፤ ልቤ ግን እሺ ብሎ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ምን አስቤ ነው ከብት ቤት የገባሁት እያልኩ ራሴን ስሰድብ ሰነበትኩ።

ለመሰናበት በሚመስል ልብ ሁሩሙ፣ ጋሼ ዋቅጅራ ቤት ሄድኩ። የንብ ቀፎ በጭስ እያጠኑ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምልክቱን፣ ዕጢውን፣ የመድኃኒቱን ልክ። ስጨርስ መድኃኒቱን አላነሱትም።

«ከማን በሬ ጋር ነበር የሚጠመደው?» አሉኝ።

አላውቅም። አልጠየቅሁም ነበር። መልሴን ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ አልገፉበትም። ቀፏቸውን ወደ ጎን አስቀመጡና «ሰውየው ቤት ደርሰሻል?» አሉ።

«በምን ፊቴ ጋሼ?»

«ባለሽው ፊት። ሌላ ከየት ታመጫለሽ?» አሉኝ። «አስናቀች፣ ቢሮ መግባት ነውር አይደለም። ግን ከዚያ ቤት ሳትደርሺ አትግቢ። ጀባዹ።» በርቺ ማለታቸው ነው።

በማግሥቱ ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ የምለውን ስደረድር ነበር። ይማም ቤት ስደርስ ሚስቱ ዘይነባ በሩ ላይ ናት፤ አይታኝ ከበሩ ዘወር አለች። ገባሁ። ይማም መደቡ ላይ ተቀምጧል። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«ምትኩን ይስጥህ» አልኩት።

«አሜን» አለ፤ ተነስቶም ቦታ ሰጠኝ። ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን። እንደዚያ ያለ ዝምታ ከጋሼ ዋቅጅራ ኋላ ሆኜ አውቀዋለሁ፤ በራሴ ላይ ሲሆን ግን ይከብዳል። ዘይነባ ውኃ አመጣችልኝ። ጠጣሁና ጠየቅሁት።

«ወይኖ ከማን በሬ ጋር ነበር የሚጠመደው?»

ይማም ቀና ብሎ አየኝ። «መቀናጆ ነን» አለ። «ከኦቦ ጉተማ ጋር። እሳቸውም አንድ በሬ ነው ያላቸው፤ ጉራቻ። ሁለቱን ጠምደን ተራ በተራ እናርሳለን። እርስዎ ሲመጡ የእኔን ተራ ጨርሼ ነበር፤ በማግሥቱ የእሳቸው ተራ ነው።»

«አሳርፈው ብዬህ ነበር እኮ።»

«ብለውኛል። ግን የራሴን እርሻ ጨርሼ፣ በእሳቸው ተራ በሬዬ ታሟል ልበል? ሠፋሪው ተራችንን በላን ቢሉስ? አባቴ እዚህ አገር ሲገባ የመጀመሪያውን ዘር ያበደሩት እሳቸው ናቸው። አፌ እንቢ አለኝ፤ ሰደድኩት። ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።»

ዘይነባ ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔ እንባዬን የት ላድርገው? ያ የሽማግሌ ጨዋታ የመሰለኝ ጥያቄ ሕክምናው ራሱ ነበር። ለይማም «አሳርፈው» ስል በእጁ የሌለ ነገር ነው ያዘዝኩት፤ የበሬው ዕረፍት ኦቦ ጉተማ እጅ ነበረች። ለሁለቱም አንድ ላይ ብነግራቸው ኖሮ ይማም የሚያፍርበት ነገር አይኖርም ነበር፤ ያዘዝኩት እኔ እሆን ነበር። ይህንኑ እንደመጣልኝ ነገርኩት። «አልጠየቅሁህም። ጥፋቱ ያ ነው፤ ያንተ አይደለም» አልኩት።

ያን ጊዜ ሌላ ነገር መጣብኝና ደነገጥኩ። «ጉራቻስ የት ነው የሚውለው?» አልኩ።

«አብረው ነበራ። አንድ መስክ፣ አንድ ወንዝ።»

አብረው ከጠጡና አንድ ዝንብ ከነከሳቸው ጉራቻም ደኅና ሊሆን አይችልም። እሱ ከሞተ ደግሞ ለሁለቱም ቤት የሚያርስ አንድም በሬ አይቀርም። ዘር የሚዘራበት ጊዜ እያለፈ ነው። ግን እኔ ኦቦ ጉተማ ግቢ ማን ያስገባኛል? ይህንን በልቤ ስል ይማም የገባው መሰለኝ። ተነሣ፤ በትሩን ከግድግዳው አነሣ። ከኦቦ ጉተማ ጋር ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል እንዳልተለዋወጡ አውቃለሁ።

«እንሂድ» አለኝ።

ኦቦ ጉተማ በረታቸው አጠገብ ቆመው ነበር። ለእኔ «አካም ጅርቱ» አሉ፤ ለይማም አላሉም። ምን እንደምፈልግ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። «መርፌሽ አንዱን ወስዷል፤ አንዱን ተይልኝ» አሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው ያለው። መርፌው አይደለም ብል ይማምን ከሰስኩት፤ ዝም ብል በሬው ሊሞት ነው።

የተናገረው ይማም ነው። ኦሮምኛው የቆላው ልጅ ኦሮምኛ ነው፤ አይደናቀፍም፤ ያን ቀን ግን ተደናቀፈ። «ኦቦ ጉተማ፣ መርፌው አይደለም። እትዬ አሳርፈው ብለውኝ ነበር። ተራዎ ስለሆነ ነው የሰደድኩት። ተራዬን በላ ይላሉ ብዬ ፈራሁ።»

ሽማግሌው አጥሩን ያዙ። እኔ የመሰለኝ ሊያባርሩን ነው።

«ወይኖ እኔ ፊት ነው የወደቀው» አሉ በመጨረሻ። «ሰንፏል ብዬ በጅራፍ መታሁት። ታሟል ብትለኝ ኖሮ እመታው ነበር? ተራ ምንድን ነው? ተራ ያልፋል፣ ይመጣል። አንተ እኔን እንደ ባዕድ ነው የፈራኸኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ» አለ ይማም።

በረቱን ከፍተው ጉራቻን አወጡት፤ ገመዱን ከግንዱ ጋር አሰሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እይልን» አሉ።

ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ማንም አላቻኮለኝም። ጉራቻ እኔን ረስቶ አንገቱን እስኪጥል ጠበቅሁ፤ ከዚያ ገባሁ። የዓይኑን ቆብ ገለበጥኩት፤ ነጥቷል፤ ግን ጥቂት ቀይ ቀርቶታል። ሁለቱን ገበሬዎች ጎን ለጎን አቁሜ በሬው ተመልሼ እስክመጣ ድረስ እንደማይጠመድ፣ ለማንም እንደማይጠመድ፣ አስረግጬ ነገርኳቸው። ሁለቱም በአንድ ላይ እሺ አሉ።

በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጡረታ ስወጣ ንግግር ተደርጎልኛል፤ አበባም ተሰጥቶኛል፤ የሰጡኝን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ ዋቅጅራ ዛሬ የሉም፤ የተማርኩት ሁሉ የእሳቸው ነው። ገመቹን በየቀኑ አመሰግነዋለሁ፤ አይሰማኝም እንጂ። ወደ ቢሮው ያልተመለስኩት ግን በዚያች ሰዓት ነው። መድኃኒቱን በጥብጬ፣ መርፌውን ከሲሪንጁ ነቅዬ ቀና ስል የበሬውን ራስ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ኦቦ ጉተማ ጉልበታቸው ደክሟል። ማንንም አልጠራሁም። አንገቱን በእጄ ጀርባ ቸብ ቸብ ሳደርገው፣ የጉራቻን ቀንድ በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ የያዘልኝ፣ በሬው በእኔ መርፌ ማግሥት የሞተበት ይማም ነበር።